ሞተሩ በራሱ ጠፋ

ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ጤናም ካሉበት አይራቅ። እኛ ደህና ነን። እናትዎ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ አፋቸው እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት ሻዩ ቀጠነብኝ ብለው ግማሽ ቀን አኮረፉኝ። ልጆቹም ትምህርት ጨርሰው ቤቱን ሲያተራምሱት ይውላሉ።

የምጽፍልዎ ስለ መኪናዋ ነው። በስልክ ብነግርዎ ደስ ባለኝ፤ ግን መስመሩ እየተቆራረጠ እርስዎ «ምን? ምን አልሽ?» ሲሉ ካርዱ ያልቃል። ደግሞም መልስዎን በወረቀት ባገኘው ይዤው እዞራለሁ።

ወንድምዎ ካረፈ ወዲህ የጤና ጣቢያውን መኪና የምነዳው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። እሱ ይነዳት የነበረችውን አሮጌዋን ጥለው ባለፈው ዓመት አውቶማቲክ አመጡልን። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፤ ናፍጣ ነው የምትጠጣው። አስፋልት ላይ ትንሳፈፋለች። ከአስፋልቱ ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ የድንጋዩን ዳገት ስትይዝ ግን ሞተሯ ይጠፋል። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። የመጨረሻው ክፉ ነበር። ከኋላ ታማሚ ተኝቷል፣ ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፋችና ወደ ኋላ ተንደረደረች። ቋጥኝ ነው ያቆመን። ታማሚው ምንም አልሆነ። የነርሷ የእጅ አንጓ ግን ተሰበረ።

መካኒካችን፣ ካቻቢቴ ከጆሮው ሥር ስለማይጠፋ ጋሽ ካቻቢቴ የምንለው፣ አንድ ሴንሰር መቀየር ሳይኖርበት አይቀርም ይላል። እዚህ አይገኝም። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ የሚመጣ ሰው ካገኙ ይላኩልኝ። እርስዎ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ እንዲህ ያሉትን መኪኖች ሲነዱ ነው የኖሩት፤ ሞተር እንዳይጠፋ ሹፌሩ ማድረግ የሚችለው ነገር ካለም ይጻፉልኝ።

ፈጣሪ ከድንጋዩም ከብረቱም ይጠብቅልን።

የወንድምዎ ሚስት


ሐምሌ 2 ቀን

ለእህቴ፣ የወንድሜን ቤት ላቆመችው፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤሽ በሃያ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ከካባው እንደገባሁ፣ የድንጋዩን ዱቄት ከፊቴ ሳልታጠብ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ወንበር አለኝ፤ ልብስ ተቆልሎበት ነው። ማንሳቱ ይታክተኛል።

ነርሷ እንዴት ሆነች? እሷን ሳልጠይቅ ስለ ሞተር ብጽፍ ነውር ነው።

ዕቃውን አፈላልጋለሁ። ግን ሴንሰር ብቻውን ይህን ያደርጋል ብዬ አልምልም። ሞተር ዳገት ላይ የሚጠፋበት ምክንያት ግማሹ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከመሪው ኋላ።

ከኮፈኑ ሥር ያለውን ለመካኒኩ ንገሪው። የናፍጣ ማጣሪያውን አውጥቶ ይየው፤ ውሃ ወይም ጭቃ ካዘለ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያሳጣታል። የአየር ማጣሪያውንም አቧራውን ያራግፍለት። የባትሪውን ራስ ያጥብቅ፤ ኮረኮንቹ ሲንጣት ይላላል። አንቺ ደግሞ ታንከሩ ከግማሽ በታች ሆኖ ዳገት አትውጪ። መኪና ሲያጋድል ናፍጣው ወደ አንድ ጥግ ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል።

ከመሪው ኋላ ያለው ደግሞ ይኸው። ዳገቱ ሥር ስትደርሺ ቁሚ። የሚታሰበው እዚያ ነው፤ መሐል ላይ ገብቶ ማሰብ የለም። ማቀዝቀዣውን አጥፊ። ኤን፣ ባዶው ማርሽ ላይ አድርገሽ የአራቱን ጎማ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቢ። ከዚያ ዋናውን ማርሽ እንደ ዘወትሩ ዲ ላይ ሳይሆን አንድ ቁጥር ላይ አድርጊው፤ አውቶማቲክ ነኝ ብላ በየእርምጃው ማርሽ እየቀያየረች እንዳትዋልል። ነዳጅ ስትሰጪ ትንሽም ቢሆን ሳታቋርጪ እኩል ስጪ። ፈርተሽ እግርሽን ድንገት ካነሳሽ ጉልበቷ ይከዳታል። አልወጣም ካለችሽ ፍሬን ረግጠሽ ያዢያት፤ ሞተሩ እየሠራ የኋላ ማርሽ አስገብተሽ በመጣሽበት ቀስ ብለሽ ውረጂ። ዲ ላይ እያለች ወደ ኋላ እንዳትንከባለል። ማርሹ ወደ ፊት፣ ጎማው ወደ ኋላ ሲጓተቱ ሞተሩ መሐል ላይ ይታነቅና ይጠፋል። ያኔ መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከረገጥሽው በኋላ ይደድራል። ስለዚህ አንዴ ረግጠሽ አትልቀቂ። እጅ ፍሬን ሳቢ፣ ማርሹን ፒ፣ የማቆሚያው ላይ አድርጊ፣ ከዚያ አስነሺ።

ወንዙንም ሳትገቢበት በእንጨት ለኪው። ገብተሽ አትቁሚ። ውሃው ውስጥ ከጠፋች ደግሞ እዚያው ላስነሳ አትበይ፤ ውሃ የሳበ ሞተር ሲያስነሱት ይሰበራል። በገመድ ትውጣ።

ሦስት ነገር መልሺልኝ። ናፍጣው ስንት ነበር? ማርሹ የት ነበር? ነርሷ በተጎዳችበት ቀንስ ሞተሩ ጠፍቶ ነው ወደ ኋላ የሄደችው፣ ወይስ ወደ ኋላ ሄዳ ነው ሞተሩ የጠፋው?

እናቴን ጉልበቷን በሞቀ ውሃ እሺያት። ሻዩንም አወፍሪላት።

ወንድምሽ


ሐምሌ 30 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጻፉልኝን በካርቶን ላይ ገልብጬ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቼዋለሁ። ነርሷ ጀሶ ታስሮላት በግራ እጇ ትጽፋለች፤ የታማሚው ካርድ ሁሉ ዶሮ የጫረው መስሏል፤ ራሷም ትስቅበታለች።

የጠየቁኝን ልመልስ። ናፍጣው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሩብ ብቻ ነበር። እንዳሉትም ከግማሽ በላይ ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ አላደረገችኝም። ማርሹ ሁልጊዜ ዲ ላይ ነበር፤ ሌላውን የሚነካው መካኒክ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዕቃውን ግን አይላኩት። ገዝተው ከሆነም ይመልሱት። አያስፈልግም።

ጋሽ ካቻቢቴ ከሥራ ታግዷል። አደጋው በደረሰ ዕለት ጠዋት «ፈትሼ ደህና ናት» ብሎ ፈርሞ ነበርና የጣቢያው ኃላፊ ፊርማውን ይዘው አሰናበቱት፤ ለጊዜው ነው ይላሉ። አሁን ኮፈን የሚከፍት የለንም።

ዝናቡ በርትቷል። ወንዙ ሞልቶ ይኸው ሦስት ቀን አልተሻገርንም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። እናትዎ «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። አሥር ዓመት ሆነ እኮ። ምን ልበላቸው?

የወንድምዎ ሚስት


ነሐሴ 21 ቀን

ለእህቴ፣

ዝናቡን የምሕረት ያድርግላችሁ። ዕቃውን አግኝቼው ነበር፤ አትላክ ስላልሽ ለባለሱቁ መለስኩለት።

ሦስት ነገር ጠይቄሽ ሁለት መለስሽ። ረስተሽው ይሆናል ብዬ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። የረሳሽ አልመሰለኝም። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ካልፈለግሽ ሆድ ይፍጀው። የመካኒኩን መታገድ ስሰማ ግን ጥያቄው የሞተር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

እናቴን በርቺ በያት። ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

ወንድምሽ


መስከረም 12 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

አዲሱ ዓመት የዕረፍት ይሁንልዎ።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ነው የጠፋችው።

ዳገቱን አጋምሰን ነበር። ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ተፈንቅሎ ሲንከባለል አየሁና እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ግን የእኔው እግር ነው። ፍሬኑን ሳልረግጥ መኪናዋ ዲ ላይ እንዳለች ወደ ኋላ መጣች፤ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ፍሬኑን የረገጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። እየደጋገምኩ ረገጥኩት። ደደረ። ልክ እርስዎ እንደጻፉት።

ኃላፊው መጥተው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነርሷ እጇን ይዛ ታለቅስ ነበር። «ሞተሩ በራሱ ጠፋ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ያንኑ ደገምኩ። ለእርስዎም ያንኑ ነው የጻፍኩት። የእርስዎ መልስ ሲመጣ፣ ስለ ዲ የጻፉትን ስደርስበት ደጋግሜ አነበብኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ካቻቢቴ ቤት ሄድኩ። ልነግረው ነበር። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ እሱ ደጃፉ ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ምድጃ ይጠግናል። የመጣሁት ልጠይቀው መስሎት ተነሥቶ ወንበር ጠረገልኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ጀመረ። ዕድሜውን በሙሉ በእጅ ማርሽ የሚነዱትን፣ ፍሪሲዮን ያላቸውን መኪኖች ሲጠግን እንደኖረ፣ አውቶማቲኳን በደንብ ሳያውቃት፣ አላውቅም ማለት አፍሮ እንደፈረመ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ነርሷን ይቅርታ ጠይቂልኝ። እኔ ፊቷ መቆም አልቻልኩም» አለኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ዕለት ሄጄም ይቅርታውን ለነርሷ አደረስኩ።

ብናገር ቁልፉን ይወስዱብኛል። ሴት መኪና መንዳት አይሆንላትም ሲሉ የነበሩት ደግሞ እሰይ ይላሉ። ዝም ብል ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያረጃል። ምን ላድርግ? የወንድምዎን ያህል የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ እሱ የለም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።

የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 9 ቀን

ለእህቴ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የታመምኩ መስሏችሁ እናቴ እንዳትጨነቅ ፈርቼ ነው አሁን እንደምንም የምጨርሰው።

ምክር ጠየቅሽኝ። ለምክር የማይበቃ ሰው ነው የጠየቅሽው።

እዚህ በመጣሁ በዓመቱ፣ በዚሁ ካባ ውስጥ፣ አምስት ሠራተኛ ጭኜ የአፈሩን ቁልል ስወጣ መኪናዬ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ሁለቱ ተጎዱ፤ አንዱ እስከ ዛሬ ያነክሳል። አለቃው መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን አልኩ መሰለሽ? አንቺ ያልሽውን፣ ቃል በቃል። ጠዋት ጠዋት መኪኖቹን እየፈተሸ የሚፈርም ሰው ነበረን፤ እኛ ፈታሹ ነበር የምንለው። ያን ቀን እሱም አብሮን ተሳፍሮ ነበር። ፊርማው ወረቀቱ ላይ ስለነበረ በሳምንቱ አሰናበቱት። ለጊዜው አይደለም፤ ለሁልጊዜ። ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሲወጣ ከምግብ ቤቱ መስኮት አየሁት።

ስለ ዲ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ እግር ማንሳት ያን ሁሉ የጻፍኩልሽ ከየት ያወቅኩት ይመስልሻል? ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። በኋላ ነው የተማርኩት። ሁሉንም፣ ከማንም በላይ፣ እንደ ንስሐ ተማርኩት። ዛሬ አዳዲሶቹን ሹፌሮች የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ጠፍቶብኝ አያውቅም ይሉኛል።

የማልመጣበትም ምክንያት ይኸው ነው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የታመነ ነው» ስትል በስልክ እሰማታለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ስትለው መስማት አልችልም።

አድርጊ ወይም አታድርጊ አልልሽም። ዝም ያለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ግን አሁን ታውቂያለሽ። ይደክማል። ድንጋይ ተሸክሜ እንኳ እንደዚህ አልደክምም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ፈጣሪ ሸክምዎን ያቅልልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። መልስዎን ከወር በላይ ጠበቅሁና ከዚያ በላይ መጠበቅ አቃተኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ፤ ነርሷም እንድትሰማ ለምኜ አስገባኋት። እንደቆምኩ ተናገርኩ። ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡና ቁልፉን እንዳስረክብ ጠየቁኝ። ለሦስት ወር ካርድ ክፍል ተመደብኩ። ነርሷ ስትወጣ ተሰብሮ የነበረውን እጇን በሌላው ይዛው ነበር፤ ያን ያየሁትን መርሳት አልቻልኩም።

ጋሽ ካቻቢቴን መለሱት። በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል በቀን አራቴ ያልፋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። አልፈረድኩበትም። ነጂም አልተገኘም፤ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማ ወፍ ሰፈረባት።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በፊት ከወንዙ ማዶ ሰው እየሮጠ መጣ። አንዲት እናት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ፅንሱ በእግሩ ዞሮ መጥቷል። ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል። ካርድ እየደረደርኩ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ። ጋሽ ካቻቢቴ ነው። ቁልፉን በመስኮቱ አቀበለኝ።

«አልተፈቀደልኝም እኮ» አልኩት።

«ለእኔም አንቺን ማናገር አልተፈቀደልኝም ነበር፤ ራሴ ነኝ የከለከልኩት» አለኝ። «ተነሺ።»

እሱ ከጎኔ፣ ነርሷ ከኋላ። አዎ፣ ያችው ነርስ። ስትገባ መቀመጫውን በእጇ ዳሰሰችው። ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ ተሻገርን። ዳገቱ ሥር ቆምኩ። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፤ ኤን፣ ዝቅተኛው ማርሽ፣ አንድ ቁጥር። እግሬን አላነሳሁም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረግኩትም። ወጣን። ሴትዮዋን ጫንን፤ እናቷም አብረው ተሳፈሩ።

መመለሻው ላይ ካለው ቁልቁለት በፊት ትንሽ ዳገት አለች። እሷ ላይ ሞተሩ ተንገጫገጨና ጠፋ። ናፍጣው ሞልቷል፤ እግሬ አልተነሳም። ፍሬኑን አንዴ ረግጬ ያዝኩ፣ እጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ፒ ላይ አደረግኩ። አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ አልሄደችም። ከኋላ ሴትዮዋ ታቃስታለች።

ጋሽ ካቻቢቴ ወረደ፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቀና ኮፈኑን ከፈተ። የናፍጣ ማጣሪያውን ሲፈታው ጥቁር ዝቃጭ ወረደ። አዲስ ይዞ ነበር፤ ቀየረው። የእጅ ፓምፑን እየገፋ ከናፍጣው መስመር አየሩን አስወጣ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ ወደ መስኮቴ መጣ።

«ይቺኛዋ ጥፋት የእኔ ናት» አለኝ።

ነርሷ ከኋላ ሳቀች። በሁለተኛው አስነሳኋት። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። ኃላፊው ሲመጡ ተቆጡ፤ ቁልፉን እንደገና ወሰዱ፤ በማግስቱ ግን ከሦስቱ ወር አንዱን ቀነሱልኝ። አሁንም ካርድ ክፍል ነኝ። ጋሽ ካቻቢቴ ሰላም ይለኛል፤ ብዙ አያወራም። ደክሞኛል ጋሼ፤ ግን ሌላ ዓይነት ድካም ነው፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ።

የእርስዎን ነገር ለእናትዎ አልነገርኩም። የእኔ አይደለም።

የወንድምዎ ሚስት


የካቲት 2 ቀን

ለእህቴ፣

ሕፃኗን ያሳድግልን። ለመካኒኩም ለነርሷም ከሩቅ እጅ ነሥቻለሁ በያቸው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ካባው ቢሮ ሄድኩ። ያ አለቃ ጡረታ ወጥቷል። አዲሱ፣ ልጅ እግር ነው፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝና የዘጠኝ ዓመት ፋይል እንደሌላቸው ነገረኝ። ወደ ሥራዬ እንድመለስ በትህትና በሩን ከፈተልኝ። ይህ ነገር ቢሮ ውስጥ እንደማያልቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ፈታሹን ፍለጋ ሦስት እሑድ ፈጀሁ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ከተማ፣ ከነዳጅ ማደያ ጀርባ ካለች ጎሚስታ ቤት አገኘሁት። ጢሙ ሸብቷል። የጎማ ውስጥ ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልጋል። ወዲያው አወቀኝ። በአውቶቡሱ ውስጥ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ «ያን ቀን ሞተሩ በራሱ አልጠፋም» ብቻ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ዓይኑን ከውሃው አላነሳም። «አጠገብህ ነበር የተቀመጥኩት። እግርህ ሲነሳ አይቻለሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«አንተ ትናገራለህ ብዬ። ሰኞ ጠበቅሁህ። ማክሰኞ ጠበቅሁህ። ልብሴን ስጠቀልልም በሩን እያየሁ ነበር። ከዚያ መጠበቁ ደከመኝ።»

እህቴ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለእናቴ እኔው እነግራታለሁ፤ በስልክ አይደለም፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ነው የምመጣው።

እሱ ሂድም ተቀመጥም አላለኝ። ጎማ የተነፈሰበት ደንበኛ መጣ። ክሪኩን ከሥር አስገብቶ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ፤ የሚያኖርበት አጥቶ ዞር ሲል እጄን ዘረጋሁ። አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው። አምስት ነበሩ። ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስም፣ ፊቴን ሳያይ፣ አንድ በአንድ ከእጄ ወሰዳቸው።

ወንድምሽ